ካባ የት ይገኛል? ከአንዲት የደሴ ጀማሪ ጠበቃ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልላችን ፍርድ ቤቶች አስተዳዳሪዎች፣
ለጠበቆች ማኅበር አመራሮች፣
በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ ልብስ ሰፊዎችና ጨርቅ ነጋዴዎች

ጉዳዩ፦ የችሎት ካባን ይመለከታል

ይህ ደብዳቤ ቁጥርም ማኅተምም የለውም። መዝገብ ቤት ባስገባው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንደምባል ስለማውቅ በአደባባይ ልጽፈው መረጥኩ። ጉዳዩ ትንሽ ነው። አንድ ጥቁር ልብስ ነው። ግን ይህን አንድ ጥቁር ልብስ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ከኋላዬ የሚመጡ ልጆች እንደኔ እንዲንከራተቱ አልፈልግም።

ጠበቃ ከሆንኩ ዓመት አልሞላኝም። ፈቃዴ የመጣ ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ወጣና ላሚኔት አስደርጎት ተመለሰ። (ላሚኔት መደረጉ ያስኬድ አያስኬድ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።) አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ፈተና ተፈትኜ፣ ወረፋ ጠብቄ ያገኘሁት ወረቀት ነው። ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

የመጀመሪያ ቀጠሮዬ የመሬት ክርክር ነበር። የትኛው ችሎት እንደሆነ አልናገርም። ደንበኛዬ ከካሉ ገጠር የመጡ አዛውንት ናቸው። ውሉን የተዋዋልኩት ከልጃቸው ጋር ስለነበር ከዚያ ቀን በፊት አልተያየንም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸውና ሰላም አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ ጠበቃዋ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «በይ አብሽሪ» አሉኝ። ማጽናናት የኔ ሥራ ነበር፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

ችሎቱ ተሰየመ። የሌላኛው ወገን ጠበቃ ካባ ለብሷል። እኔ ኮት ነው የለበስኩት፣ ያውም የእህቴን። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና «ጠበቃ፣ ካባዎትስ?» አሉ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እያሰፋሁ ነው» አልኩ።

እያሰፋሁ አልነበረም። እንደሚያስፈልገኝም አላውቅም ነበር። ችሎት ፊት ቆሜ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ሆነ ማለት ነው። ይኸው ተናዘዝኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ችሎት ቀረብኩ። እዚያ ማንም አልጠየቀኝም። ካባ የለበሰ ጠበቃም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ ኮሪደር ላይ ሦስት ጠበቆች ሦስት ዓይነት ካባ ለብሰው አየሁ። የአንዱ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው። የሌላው እስከ አንገቱ በዚፕ ይዘጋል። የሦስተኛው የምርቃት ጋዋን ለመሆኑ እከራከራለሁ፤ ደረቱ ላይ ሪቫኑ የተፈታበት የክር ምልክት ይታይ ነበር።

እንግዲህ ፍለጋ ጀመርኩ።

ደሴ ላይ የሌለ ልብስ የለም ብዬ ነበር የማስበው። ፒያሳ ላይ ሱፉም፣ ጅንሱም፣ ጀለቢያውም፣ የሐበሻ ቀሚሱም ተሰቅሏል። ሰኞ ገበያ ጋቢው አለ። ሰልባጁማ የትም አለ። አንድ ሱቅ ገብቼ «ካባ አለ?» ስል ልጁ ደስ አለው። መሰላል አቁሞ ወጣና ወርቃማ ጥልፍ የተጠለፈበት ወይን ጠጅ ከፋይ አወረደልኝ። «ለሙሽራው ነው ለሙሽሪት?» አለኝ።

«የለም፣ ለሥራ ነው።»

«እ፣ ለቄስ!» አለና ሌላ ሊያወርድ ተመልሶ ወጣ።

አልፈረድኩበትም። በአገራችን ካባ ማለት የንጉሥ፣ የሙሽራ ወይም የካህን ነው። ችሎት ለማንም ትዝ አይለውም። ቀጥሎ «ጋዋን» ብዬ ሞከርኩ። የሐኪም ነጭ ጋዋን አመጡልኝ። ከዚያ የምርቃት ልብስ የሚያከራይ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ጥቁሩን አወጣችና «ለስንት ቀን ነው?» ስትለኝ «ለሠላሳ ዓመት» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። መያዣ መታወቂያ ጠየቀችኝ።

አዲስ አበባ ያለች የክፍሌ ልጅ ከአንድ ሰፊ ዘንድ ዋጋ ጠይቃ ላከችልኝ። የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ነው። ያውም ልኬን ሳያየኝ፣ በስልክ ነግሬው። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሰፋ ልብስ እጅጌው ቢረዝም ማን ያሳጥርልኛል? ተውኩት።

እስከዚያው አንድ አንጋፋ ጠበቃ አዘኑልኝና ካባቸውን አዋሱኝ። ይህ ሁለተኛ ካባቸው ነው። የመጀመሪያው በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ከቢሮአቸው ጠፋ። «መጽሐፌን ትተው ካባዬን ወሰዱት» ይሉና ይስቃሉ። እሳቸው ረጅም ናቸው፣ እኔ አጭር ነኝ። በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤው እንኳ ጫፉ ወለል ይጠርግ ነበር። ጥቁሩም ፀሐይ መትቶት ወደ ቡናማ ሄዷል። ግን በዚያ ካባ የካሉው አዛውንት ጉዳይ ላይ ስቀርብ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰውዬው ከአግዳሚው ተነሡ። «አሁንማ ጠበቃ ሆንሽ» አሉኝ። የክርክር ነጥቤ ያው ነው፣ ማስረጃዬም ያው ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ኋላ ሳነብ እንግሊዞችም እንዲህ እንደሆኑ ተረዳሁ። የእነሱ የፍርድ ቤት ጠበቃ ከካባው በላይ ከፈረስ ጸጉር የተሠራ ነጭ ዊግ ያደርጋል። ለንደን ውስጥ ኢድ ኤንድ ሬቨንስክሮፍት የሚባል እ.ኤ.አ. በ1689 የተመሠረተ ልብስ ሰፊ ቤት አለ። ከዚያ ቤተሰብ የሆነ ሐምፍሪ ሬቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1822 ዱቄት መነስነስ የማይፈልግ የፈረስ ጸጉር ዊግ አወጣ። እስከ ዛሬ የሚደረገው ያ ነው። ታዲያ እዚያ አዲስ ዊግ ያደረገ ሰው ጀማሪ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፤ ገና ነጭ ነውና ያበራል። የከበረው ያረጀውና ቢጫ የሆነው ነው። ከአንጋፋው ጠበቃ የተዋስኩት ቡናማ ካባም ሥራውን የሠራው በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

መቼም የሰው ካባ እስከ መጨረሻ አይለበስም። በመጨረሻ ሸርፍ ተራ አካባቢ አንድ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። አዩት፣ አጎሉት፣ መለሱልኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ገበር አለው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ትከሻው ላይ ሽንሽን አለው ወይስ ሜዳ ነው?»

«ፎቶው ላይ...»

«ፎቶው ላይ አይታይም። እጅጌው እንደ ቄስ ሰፊ ነው ወይስ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አለው? ርዝመቱ ከጉልበት በታች ስንት ነው? ጠርዙ ላይ ቀለም ይገባል?»

አንድም አልመለስኩም። እሳቸው ዳኛ ሆነው እኔ መልስ ያልያዝኩ ተከሳሽ ሆንኩ። «ታዲያ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት የላችሁም? የተማሪ ዩኒፎርም እንኳ ወረቀት አለው እኮ» አሉኝ። ይህ ደብዳቤ የተጸነሰው እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ በዚያች ጥያቄ ነው።

አንድ ጥያቄያቸው ግን አሳቀኝ። «ኪስ ይኑረው?» አሉኝ። የእንግሊዞቹ ካባ ከግራ ትከሻው ጀርባ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ትንጠለጠልበታለች። ስለ እሷ የሚወራ ወሬ አለ። ድሮ ጠበቃ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ስለነበር ደንበኛው ከኋላ በኩል ሳይታይ በዚያች ከረጢት ይጨምርለት ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ተረት የሚከራከሩበት ነው። ይህን ስነግራቸው ሰፊው «ታዲያ አንቺ በቴሌብር አይደል እንዴ የምትቀበዪው?» አሉ። ኪሱ ቀረ።

ጨርቁ አራት ሜትር ገደማ ፈጀ። ቀብድ ከፈልኩ። «ሐሙስ ነይ» አሉ። የልብስ ሰፊ ሐሙስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ሐሙስ ተረከብኩ።

ቤት ወስጄ ስለካው አያቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ቆማ አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጄ፣ ማን ሞተብን?» አለች። ከል የለበስኩ መስሏት ነው። እኛ ሳቅን፣ እሷ ግን ደንግጣ ነበር። የሚገርመው አያቴ ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም። የእንግሊዝ ጠበቆች ጥቁር መልበስ የጀመሩት ለነገሥታት ሐዘን ነው የሚል የቆየ ትረካ አለ። አንዳንዱ እ.ኤ.አ. በ1685 የሞተውን ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛን ይጠራል፤ ሌላው በ1694 የሞተችውን ንግሥት ሜሪ ሁለተኛን። ትረካው እውነት ከሆነ ከሉን ለብሰው ሳያወጡት ቀሩ ማለት ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያልወጣ ከል! ለአያቴ ይህን ብነግራት «የኛ እንኳ በዓመቱ ይወጣል» ትለኛለች ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚሉትን ላንሳ። «ካባ የፈረንጅ ነው፣ ለምን አይቀርም?» ይላሉ። እንግሊዞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ዳኞቻቸው በፍትሐ ብሔርና በቤተሰብ ጉዳይ ዊግ እንዲያወልቁ አድርገዋል። በወንጀል ችሎት ግን ዊጉ ቀጥሏል። አሜሪካ ውስጥ ዳኛው ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ ጠበቃው በሱፍ ይከራከራል፤ ፍርዱ አልጎደለም። ስለዚህ ካባ ከሌለ ፍትሕ የለም የሚል ሰው አይደለሁም። ሁሉም ጠበቃ በኮት ይቅረብ ከተባለም ነገ ኮቴን ለብሼ እመጣለሁ፤ የራሴን ኮት ገዝቻለሁ።

ግን ለዳኝነት ተብሎ ልብስን ማስተካከል ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። የካሉውን አዛውንት ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ስማቸው ሲጠራ ችሎት ከመግባታቸው በፊት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ማንም አላዘዛቸውም። ደንብ አላነበቡም። አባቶቻቸው ዳኛ ፊት የሚቆሙት እንዲያ ነው። የጥንቱን ሙግት የሚያወሱ ሰዎችም ከልብስ አይለዩትም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርስ ተቋጥሮ ዳኛ ዘንድ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የምንለው ቃል ከዚያ ዓለም የቀረ ነው። «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ዛሬም ጠበቃውን በልብሱ ቢመዝን አይፈረድበትም። ሰውዬው ለፍርድ ቤቱ ሲሉ ጋቢያቸውን ካደገደጉ፣ እኔ ደግሞ ለእሳቸው ስል ካባ ልልበስ። የማማርረው በመልበሱ አይደለም።

የማማርርበት አንዱ ነገር ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልተንፍስ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ በክረምት ካባ ብርድ ልብስ ነው። እንዲያውም ውስጡ ሹራብ ይጨመራል። ችግሩ የሚጀምረው ቀጠሮው ኮምቦልቻ ሲሆን ነው። የሀረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ እየወረድን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን። ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ግንቦት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ፖሊስተር ካባ ለብሳችሁ መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄአለሁ። ምስክሩ ተጨንቆ ያላበው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ያላበኝ እኔ ነኝ።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ የ1958ቱ፣ ከሕንድ ሕግ ብዙ እንደወሰደ ትምህርት ቤት ተምረናል። ከሕንድ ከወሰድን ይህችንም እንውሰድ። የሕንድ ጠበቆች ምክር ቤት የአለባበስ ደንብ አለው፤ ጥቁር ኮት፣ ነጭ የአንገት ማሰሪያ፣ ካባ። ግን ከጠቅላይና ከከፍተኛ ፍርድ ቤቶቻቸው በቀር በበጋ ጥቁሩን ኮት መልበስ ግዴታ አይደለም። ሰው ሙቀት ውስጥ እንደሚሠራ ያሰበ ሰው የጻፈው ደንብ ነው። የእኛ ወሎ ደጋውም ቆላውም አጠገብ ለአጠገብ ነው። አንዱን ጨርቅ ለሁለቱም ማልበስ አይቻልም።

ሌላው የማስቀመጫው ነገር ነው። ካባ በፌስታል ተጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ሲጨማደድ ይውላል። ሴት ጠበቆች ደግሞ የምንለብሰውና የምናወልቀው የት እንደሆነ ብትጠይቁን ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ለብሼ ስወርድ ሹፌሩ «እንኳን ደስ አለሽ፣ በምን ተመረቅሽ?» ብሎኛል። በፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ለጠበቆች የካባ ማስቀመጫ ክፍል መኖሩ የተለመደ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁልን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሦስት ሺህ ከሚያልፈው አንቀጽ ጋር አንዲት ቁም ሳጥን ብትመጣልን ምን ነበረበት!

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ።

የፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ጠበቃ ካባ ይልበስ ወይስ አይልበስ የሚለውን ለሁሉም ችሎት አንድ አድርጉልን። አንዱ ዳኛ የሚጠይቀውን ሌላው የማያስታውሰው ከሆነ ጀማሪው ሁልጊዜ ይሳቀቃል። አንጋፋው አይሳቀቅም፤ ዳኛው ያውቁታል። ይለበስ ካላችሁ ደግሞ ልኩን በአንድ ገጽ ጻፉት። ቀለሙ፣ ርዝመቱ፣ እጅጌው፣ አዘጋጉ፣ ገበሩ። ለደጋው የሚሆነው ጨርቅና ለኮምቦልቻ የሚሆነው ጨርቅ ለየብቻ ይጠቀስ። ሥዕል ቢኖረው ደግሞ ሰፊዎቹ ይወዱታል። ያን ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ የችሎት ቀጠሮ ዝርዝር ከሚለጠፍበት ጎን ለጥፉት። ከፎቶው ጠርዝ ላይ የሚታይ እጅጌ እያጎላን መስፋት ይብቃን። ጠበቃ ሁሉ የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ አምስት ስድስት መስቀያ ያለው አንድ ቁም ሳጥን ደግሞ ለማንም በጀት አይከብድም።

የማኅበር አመራሮች፣ የፌዴራሉን አዋጅ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 199 ተሽሮ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1249 ሲወጣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ በር ተከፍቷል፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ ቆሟል። እኛ የክልል ፈቃድ ያለን ከዚያ ውጭ ብንሆንም ሙያው ወዴት እየሄደ እንደሆነ እናያለን። ስለ ድርጅትና ስለ መድን እያወራን ካባ እየተዋዋስን ነው። እናንተን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ከአንጋፋ ጠበቆች ያረጀ ካባ ሰብስቡና ለጀማሪ አውሱ። ጡረታ የወጣ ጠበቃ ቤት ውስጥ ከበር ጀርባ የተንጠለጠለ ካባ አይጠፋም። ባለቤታቸው አቧራ ሆነብኝ እያሉ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንም በዚሁ ላንሳ፣ ስማቸውን ከላይ ባልጽፍም። ለልምምድ ችሎት ጋዋን ተከራይተን ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ግን «ሥራ ስትይዙ ይሄን ከየት ትገዛላችሁ?» ያለን ሰው የለም። አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴዎችና ሰፊዎች፣ ከእናንተ ጋር የማወራው ንግድ ነው። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ እንዲልክ ታስቦ ነው የተሠራው። ባሕር ማዶ ላለ ገዢ ልብስ የሚሰፋበት ከተማ ውስጥ ያለ ጠበቃ ካባውን ከአዲስ አበባ ሲያስመጣ ትንሽ አያሳፍርም? እርግጥ ነው፣ ፋብሪካ ለሃያና ለሠላሳ ካባ ማሽን አያስነሳም። እሱ የናንተ የሰፊዎች እንጀራ ነው። ዓቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም፣ በየዓመቱ የሚመረቀው ተማሪም አለ። ለቆላው ሳሳ ያለ የጥጥ ቅልቅል፣ ለደጋው ወፈር ያለ ቴትሮን ብትይዙ ይወጣላችኋል። ከፋይ አታምጡብን ብቻ።

ዋጋ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ጀማሪ ጠበቃ ገንዘብ ያለው ይመስላችኋል። ሱቅ ገብቼ «ጠበቃ ነኝ» ካልኩበት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ የከፈሉኝን ብነግራችሁ ቀብዱን ትመልሱልኛላችሁ። የተወሰነው ማር ነበር። ጥሩ ማር ነው፤ ጨርቅ ግን አይገዛም።

የአዛውንቱ መዝገብ ለውሳኔ ተቀጥሯል። ቀጠሮው ሲደርስ የራሴን ካባ ለብሼ እገባለሁ። እጅጌው ከአንጋፋው ካባ ይጠባል፣ ርዝመቱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያልቃል፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ኪስ የለውም። ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሰፊው ጋሼ ግን ቅዱን በጋዜጣ ቆርጠው፣ በቀይ እስክርቢቶ «ጠበቃ፣ ሴት፣ አጭር» ብለው ጽፈውበት ከማሽናቸው ጀርባ ሰቅለውታል። ከናንተ መካከል ልኩን ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ካለ ይጥራኝ። ጋዜጣውን ጠቅልዬ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጀማሪ ጠበቃ፣ ደሴ